ቆርቆሮው የት ገባ?

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማነው? … ጮክ ይበሉ፣ ዝናብ ነው! … አዎ፣ ሚዛን ተፈሪ ነው። የአረጋውያን መኖሪያ ማኅበር። … በዛብህ እባላለሁ። … በ-ዛ-ብ-ህ! ጸሐፊም አይደለሁ፣ ዘበኛም አይደለሁ። እዚሁ የምጦር ሽማግሌ ነኝ። ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ሲጮህ ይደነግጣሉ።

— ከጅማ? … አሃ፣ ቆርቆሮውን የላከልን መሥሪያ ቤት! ጓድ ታፈሰ፣ ራስዎ ነዎት? … ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ! … ይቅርታ፣ ጓድ። ጓድ ታፈሰ። ምላሴ አርጅቷል፣ አዲስ ቃል ቶሎ አይዝም። … ድምፅዎ? ይሰማል፣ ይሰማል። እኔ እኮ ሃያ ስምንት ዓመት የስልክ ሽቦ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከቦንጋ ወዲህ ያለውን ምሰሶ አብዛኛውን በዚህ ትከሻ ነው ያቆምነው። ዝናብ ሲመጣ መስመሩ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ አይከዳም።

— አንተ ሙሴ፣ ዱላህን አታንኳኳብኝ፣ ጅማ ነው! … አይ፣ እርስዎን አይደለም ጓድ። ከጎኔ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተቀምጧል፣ የሸኮ ሰው ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር እየተደገፈ ይመጣና ጆሮውን ይደቅናል። … ምንም አያስቸግርም፣ ይቀጥሉ።

— ንጋቷን? … የለችም። ጎደሬ ልትገዛ ገበያ ሄዳለች። … አዎ፣ ኃላፊያችን እሷው ናት። … ትመለሳለች፣ በዚህ ጭቃ መቼ እንደምትደርስ ግን እንጃ። ለእኔ ይንገሩኝ፣ አደርሳለሁ። … ምን አሉኝ? … እስቲ እንደገና። … ከሥራ ትታገዳለች? ንጋቷ? … ምን አድርጋ?

— ቆርቆሮ። … አዎ፣ አንድ መቶ ስልሳ ቆርቆሮ፣ አምና ሐምሌ ደርሶናል። … ለቤቶቹ ጣራ ተብሎ፣ አዎ። … ቤቶቹ ግን ሣር ክዳን ናቸው ብሎ የነገረዎት ሰው አለ። … አልዋሸም። ሣር ናቸው፣ አሥራ አንዱም። … ኧረ ቀስ ይበሉ! ቤቱ ሣር ከለበሰ ቆርቆሮው ተሸጠ ማለት ነው እንዴ?

— ደብዳቤ? … … አለሁ። አለሁ፣ አልተቋረጠም። … ማን ነው የጻፈው? … ስም የለውም። … መቼ ደረሳችሁ? … ኅዳር ላይ! አሁን እኮ ግንቦት ነው፣ እስካሁን የት ነበር? … ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲመራ ከረመ። … እሺ፣ ያንብቡልኝ። … «የቀድሞ የቡና ካቦ የነበረች ግለሰብ» … እህ። … «በአዛውንት ስም የመጣውን የሕዝብ ንብረት የት እንዳደረሰችው ሳይታወቅ» … እህ። … «የኢኮኖሚ አሻጥር»። … እንዲህ ይላል? … በቃ፣ በቃ ጓድ፣ አይጨርሱት። ገባኝ።

— እና ዛሬ ምን ሊደረግ ነው? … መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ወደዚህ ይነሣል። … ትእዛዙ ተተይቦ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፣ የቀረው ፊርማዎ ብቻ። … እሷ ወደ ፖሊስ ጣቢያ። እኛስ? … ጅማ? ሌላ መጦሪያ? … ጓድ ታፈሰ፣ አሥራ ሰባት ነፍስ ነን። ግማሻችን ከግቢው በር እንኳ ወጥቶ የማያውቅ ነው፣ ጅማ ድረስ በጭነት መኪና! … አይ፣ ልለምንዎ አይደለም። ቆርቆሮው የት ገባ ነው ያሉኝ አይደል? እነግርዎታለሁ። እስክጨርስ ድረስ ብቻ ብዕርዎን አያንሡ። … እሺ አሉኝ? እግዜር ይስጥልኝ። … ይቅርታ፣ አመሰግናለሁ ለማለት ነው።

— ማናልሞሽ! አንቺ ነሽ የገባሽው? … ደቂቃው ሞላ? የምን መሙላት ነው! … የኔ ልጅ፣ በሞቴ፣ ዛሬ አትቁረጪብኝ። ዛሬ ከቆረጥሽብኝ አሥራ ሰባት ሰው ነው ከቤቱ የምታስወጪው። … ጎሽ፣ ተባረኪ። … ጓድ፣ አሉ? የስልክ ቤት ልጃችን ናት፣ መስመሩን የምትይዘው። ክፉ አይደለችም፣ ደንብ ሆኖባት ነው።

— ሙሴ «አንድ በአንድ ንገረው» ይለኛል። እሺ፣ አንድ በአንድ።

— ቆርቆሮው እዚሁ ነው ጓድ። አንድም አልጎደለም። አሁን ዝናቡ ሲደበድበው የሚሰሙት እኮ እሱ ነው! … ይኸው፣ ስልኩን ወደ መስኮቱ ላስጠጋው። … … ሰሙት? … ግን ከቤታችን ጣራ ላይ አይደለም ያለው። ከበር ወደ በር በምንሄድበት መንገድ ላይ ነው። … መተላለፊያ ይበሉት። ቤቶቹ ክብ ሠርተው ነው የቆሙት፤ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ በሙሉ ቆርቆሮ ለብሷል። ከሥሩ የቀርከሃ መደገፊያ አለ፣ በየአሥር እርምጃው መቀመጫ አለ። ይኸ ሙሴ ዓይን የለውም፤ እጁን ከቀርከሃው ላይ ያሳርፍና ሲያሻው ወደ እኔ፣ ሲያሻው ወደ ሴቶቹ ይሄዳል። … ወደ ሴቶቹ ይበዛል። አትሳቅ አንተ!

— መመሪያው? … «ለጣራ» ይላል፣ አውቃለሁ። … መጀመሪያማ እንደ መመሪያው ነው ያደረግነው! ቆርቆሮው በመጣ በሳምንቱ ቤቶቹን በሙሉ አለበስናቸው። … ሰዎቹማ አልፈለጉም ነበር። በሣር ቤት ጭሱ በጣራው ይወጣል፣ እሳት አንድደን ከቦ መጫወት ለምደናል አሉ። ንጋቷም «የሚኖሩበት እነሱ ናቸው፣ የነሱን ቃል እንስማ» ብላ ነበር። … ማን አስገደደ? እኔ ነኛ! እኔ በዛብህ። «ቤት ማለት ቆርቆሮ ቤት ነው፤ መንግሥት ሰጥቶን በሣር ሥር እንደር?» ብዬ ስብሰባውን አፍ አፉን አልኩት። ከሸዋ የመጣሁ፣ ፊደል የቆጠርኩ፣ የመንግሥት ደመወዝ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ማን ይመልስልኛል? እሷም ተወችልኝ። ሽማግሌ ፊት ቃል አታበዛም።

— ከዚያማ … ይቆዩ ጓድ። ከዚያ በፊት ስለ እሷ ልንገርዎ። እርስዎ ስሟን በወረቀት ላይ ነው የሚያውቁት። … ጊዜ የለዎትም? እኔም የለኝም፣ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ይስሙኝ።

— ይቺ ሴት የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ቤንች። በአንድ ቡና እርሻ ካቦ ነበረች። ካቦ ሲባል ያውቁታል፣ መቶ ለቃሚ የምታዝ። እዚያ ደንቡ ምንድን ነው፣ አንድ ለቃሚ አርጅቶ ጆንያ መሙላት ካቃተው ከካምፑ ክፍል ይወጣል፤ ክፍሉ ለሠራተኛ ነውና። ውጣ የምትለው ደግሞ ካቦዋ ናት። አንድ ቀን ሚርያም የምትባል አሮጊት፣ ሠላሳ ዓመት ቡና የለቀመች፣ ዘመድ የላት ወገን የላት፣ ተራዋ ደረሰ። ንጋቷ በሯ ላይ ቆማ «ዕቃሽን አውጪ» አለቻት። አሮጊቷ ያላትን አንዲት ጥቅልል አወጣች። ይኼኔ ንጋቷ ጥቅልሉን ተቀብላ ራሷ ተሸከመችውና ቤቷ ወስዳ አስገባቻት። … አዎ፣ የገዛ ቤቷ! ከሚርያም በኋላ ይኸ ሙሴ መጣ። ከሙሴ በኋላ አራት መጡ። እሷ ራሷ ማድቤት ገብታ ማደር ጀመረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላት፣ ማን ይከለክላታል?

— መንግሥትን አልለመነችም። ሄዳ የከተማውን ሦስት እድሮች ነው ሰብስባ የያዘቻቸው። ያን ጊዜ እኔም የአንዱ እድር አባል ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ተነሥታ ምን አለች መሰለዎት? «ሰው ሲሞት ድንኳን ትተክሉለታላችሁ። ሬሳ ዝናብ እንዳይመታው ትጠነቀቃላችሁ። በቁሙ ዝናብ የሚመታው ሽማግሌ ግን በእናንተ ደጅ ያልፋል። ያን ድንኳን ትንሽ ቀደም አድርጋችሁ ብትተክሉት ምን ይላችኋል?» … ምን ይባላል! የእድራችን ዳኛ አቀረቀረ። ሦስቱም እድር በወር አንድ ቅዳሜ ለሥራ ሰጠ፣ ቀበሌውም መሬት ሰጠ። እንጨቱ በደቦ፣ ጭቃው በደቦ። ትርፍ የለበት፣ ኪራይ የለበት። ማንም የሌለው ሰው ይገባል፣ አለቀ።

— ደግሞ ለእያንዳንዳችን ቁልፍ ሰጠችን። … ቁልፍ! የጓጉንቸር ቁልፍ። ሙሴ በዕድሜው ቁልፍ ይዞ አያውቅም፤ በአንገቱ አንጠልጥሎት ይዞራል። እሷ ራሷ ደጄን ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም። የቤቱ ኃላፊ ሆና! እኔ በመንግሥት ቤት ስኖር አንኳኩቶ የገባብኝ አለቃ አላየሁም። … አልሰደብኩም ጓድ፣ ያየሁትን ነው የምናገረው።

— እሺ፣ ወደ ቆርቆሮው። … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ይቅርታ፣ ይሰሙኛል?

— ሚርያም ጎረቤቴ ነበረች። ከደጄ እስከ ደጇ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ጠዋት ጠዋት ከበሯ ላይ ሆና «በዛብህ! ነፍስ አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ፣ አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!» እላታለሁ። እንዲህ ስንባባል ነበር የምንኖረው። ቀልድ ነበረ፣ ጓድ።

— መስከረም ላይ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። እርስዎ የጅማን ዝናብ ያውቃሉ፣ የሚዛንን ግን አያውቁትም። በቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ሲጥል የገዛ ሳልዎ አይሰማዎትም። ሁሉም በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ጭቃው ሽማግሌ ያስወጣል እንዴ? ከእሳቱ የሚወጣው ጭስ ደግሞ በቆርቆሮው ታፍኖ ዓይናችንን አጠፋው። ንጋቷ ያን ሳምንት አንዲት ደካማ ልታመጣ ሸኮ ሄዳ ነበር፣ መንገድ ተቆርጦባት ቀረች። … በሦስተኛው ቀን አባራ። ንጋቷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ደረሰች። ቁጭም ሳትል በር በሩን እያንኳኳች ዞረች።

— … … አለሁ። አንዴ ይታገሡኝ።

— ሚርያም ወድቃ ነበር። ከአልጋዋ እስከ በሩ ድረስ ተንፏቃ መጥታለች። እጇ ከመዝጊያው ሥር ነበር። … ሞታ፣ አዎ። ሁለት ቀን ሳይሆናት አይቀርም። … ጠርታኛለች። እንዴት አትጠራኝም? አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሰው ከሰው እንዲሰማማ ብዬ ከጅማ እስከዚህ ሽቦ ስዘረጋ ኖሬ ጎረቤቴን ሳልሰማት ቀረሁ። ያን ጣራ ካልጫንን ብዬ የጮህኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

— ሙሴ፣ ተወኝ፣ ደኅና ነኝ። … ትከሻዬን ይነካካኛል።

— ቀበርናት። በሰልስቱ ንጋቷ ሁላችንንም ሰበሰበች። ማንንም አልወቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «የት የት ነው የምትረጥቡት?» አለች። ጥያቄው ግራ ገባን። ይኸ ሙሴ ነው የመለሰው። «ቤቴ ውስጥ ረጥቤ አላውቅም፤ የምረጥበው ወደ ሰው ስሄድ ነው» አለ። … አዎ፣ ይኸው ከጎኔ ያለው! አሁን ምንም እንዳልተናገረ ሰው ጢሙን ያፍተለትላል። … እሷ በዚያው ተነሣች። እድሮቹን ጠራች። ቆርቆሮው ወረደ፣ ቤቱ ሣሩን ለበሰ፣ ቆርቆሮው በመንገዱ ላይ ወጣ። የድሮውን የሚስማር ቀዳዳ አንድ በአንድ በሬንጅ ደፈነችው፤ ዛሬም ያፈሰሰ ቀዳዳ ስለምትደፍን ጥፍሯ ሥር ጥቁር ነው። … መጠየቅ ነበረባት? እናንተን? ጽፋ ነበር እኮ! … አልደረሰም? ስም የሌለው ደብዳቤ ደርሶ ስም ያለው ቀረ ማለት ነው።

— አሁን ቢያዩን ጓድ! እየዘነበ ከቤት ቤት እንዞራለን። አንዱ ለአንዱ ጎደሬ ይቀቅላል፣ አንዱ የአንዱን ወገብ ያሻል። እኔ ጋዜጣ አነባለሁ፣ አሥር ሰው ከብቦ ይሰማኛል፤ ሁለቱ ያንቀላፋሉ። ቤት ውስጥ ሹክ ቢሉ ይሰማል። ባለፈው ወር አንዷ አሮጊት ተደናቅፋ «ወይኔ!» ብትል ስድስት ሰው ደረሰላት፤ የደረሱላት ሊጥሏት ምንም አልቀራቸው። ይኼን ያህል ዓመት ኖሬ ቆርቆሮ እንዲህ ሥራ ላይ ሲውል አላየሁም። ይህን ያሰበች ሴት ነች ፖሊስ ጣቢያ የምትገባው?

— ምን አሉ? … እኔን ያምኑኛል። … ግን ክሱ ፋይል ገብቷል፣ እንዲሁ በአንድ ሽማግሌ ቃል አይዘጋም። … ልክ ነዎት፣ እኔም ብሆን አልዘጋውም። … «ቆርቆሮው ፊት ለፊት ተሰቅሎ እያለ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ማነው» አሉኝ? … ጠላት አላት ወይ? … የላትም። ጠላት እንኳ የላትም።

— መጣች። … መጥታለች፣ ጓድ፣ በሩ ላይ ናት። … ንጋቷ፣ ግቢ፣ ጠብ ጠብ እያልሽ ነው እኮ! ያን ጆንያ አውርጂው። … ጅማ ነው። ጓድ ታፈሰ ናቸው። … ስለ ቆርቆሮው። … አንድ ጊዜ ቁጭ በይ፣ በእግዜር።

— ስልኩን ልስጣት? … እሰጣታለሁ። ግን ከመስጠቴ በፊት … ጓድ ታፈሰ፣ ይህን ከተናገርኩ በኋላ የምገባበት ቤት እንደሚኖረኝ አላውቅም። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ሸዋ ያሉት ዘመዶቼ ሞቼ ይሁን ቆሜ አያውቁም። ያለኝ ይኸው ቤት ነው። ስለዚህ ቃል ሲያጥረኝ አይቸኩሉብኝ።

— ደብዳቤው በሰማያዊ ቀለም ነው የተጻፈው አይደል? … ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። … ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ተሰርዟል። … ይመልከቱት። … ተሰርዟል? … «ሌባዋ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አፈርኩና ሰረዝኩት። ሌላውን ሳላፍር ጻፍኩት።

— አዎ። እኔ ነኝ። … እኔ በዛብህ ነኝ የጻፍኩት። … አልተሳሳቱም፣ በትክክል ነው የሰሙኝ። ንጋቷ፣ አንቺም ስሚው። ሙሴ፣ ዱላህን ተውና አንተም ስማ።

— ለምን? … ቆርቆሮውን ከጣራዬ ላይ ስታወርደው «ሚርያምን የገደልካት አንተ ነህ» ያለችኝ መሰለኝ። ምንም አላለችኝም! አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ሰው ቀና ብሎ ጣራዬን ባየ ቁጥር የሚያየው እኔን መሰለኝ። ከምከሰስ ልክሰስ አልኩ። ቆርቆሮው ደጄ ላይ ተደርድሮ እያየሁት፣ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው «የት እንዳደረሰችው አይታወቅም» ብዬ የጻፍኩት። … አዎ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ መንገዱ ሲሠራ፣ ሲያልቅ፣ ሥሩ መሄድ ስጀምር፣ በየቀኑ ልናገር ልናገር እልና ምላሴ ይተሳሰራል። መልስ ሲጠፋ ደግሞ «ደብዳቤው ጠፍቷል» ብዬ ደስ አለኝ። ይኸው ነው እውነቱ። … ሐሰተኛ ክስ ያስጠይቃል? … ያስጠይቀኝ። በስምንት ሰዓቱ መኪና እኔን ይውሰደኝ፣ ጥቅልሌን አሁን አዘጋጃለሁ።

— ምን አልሽ? … ጓድ፣ ይቆዩ፣ እየተናገረች ነው። … ምን? … «አውቃለሁ» ትላለች።

— ምኑን ነው የምታውቂው? … … ወይ ጉድ! ወይ በዛብህ! … ጓድ፣ ጓድ ታፈሰ፣ ይስሙኝ። ያን ጊዜ ጉልበቴ አብጦ ከተማ መውጣት አልቻልኩም ነበር። የሁላችንንም ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው የለንም። እና ለእሷ ነው የሰጠኋት! የከሰስኳትን ደብዳቤ በእጄ ለራሷ ሰጠኋት። ፖስታውን ስለዘጋሁት ብቻ ሰው የማይገባው መስሎኝ! … ንጋቷ፣ አድራሻውን አንብበሽው ነበር? … አንብባዋለች። … «ከቆርቆሮው በኋላ ፊትህን አዙረህብኛል፣ ለጅማ የምትጽፈው ሌላ ምን አለህ» ትለኛለች።

— ታዲያ አውቀሽ ለምን አልቀደድሽውም? ወንዝ ስትሻገሪ ለምን አልጣልሽውም? … … … ጓድ፣ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ? «የሰው ደብዳቤ ነው። ያጠፋሁትም ካለ ይንገሩኝ ብዬ ነው» ትላለች። … ሌላም አለች። … «ዝናብ ስለነበረ ቀለሙ እንዳይፈስብህ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የወሰድኩት» አለችኝ።

— … … እንጃ ጓድ። አለቅሳለሁ፣ አያፍሩብኝ። … ንጋቷ፣ ቤቱን ልልቀቅልሽ? ንገሪኝ፣ አትዘኚልኝ። … … «በዚህ ዝናብ የት ልትሄድ ነው» ትላለች። … ካባራስ በኋላ? … «ሲያባራ ደግሞ ሣሩ መጠገን አለበት፣ መሰላል የሚያውቅ ካንተ ሌላ የለም» ትለኛለች። … ሰሙ? ሰሙ አይደል? ይቺ ናት «ግለሰብ» ያልኳት።

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ጓድ ታፈሰ? … ማናልሞሽ፣ እንዳትቆርጪ! … አልቆረጥኩም ትላለች፣ እሷም እየሰማች ነው መሰለኝ ንፍጧን ትስባለች። … አሉ? … ብዕሩን አስቀመጡት? … ትእዛዙ አይፈረምም። … አይፈረምም! ንጋቷ፣ አይፈረምም ይላሉ! … ሙሴ፣ ቀስ፣ ወንበሩን ገለበጥከው! … መኪናውስ? … ይመጣል፣ ግን እርስዎ ራስዎ ይመጡበታል፣ ለማየት። … መቼ ልምጣ አሉ? ትነግርዎታለች፣ ይቆዩ። … «ሲዘንብ ይምጡ» ትላለች። በደረቅ ቀን ቢመጡ ቆርቆሮ በባዶ መንገድ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚያዩት፣ ምንም አይገባዎትም። … ከዛሬ እስከ ጥቅምት አያጡትም፣ አይጨነቁ።

— ደብዳቤውን? … አይ! አይቅደዱት፣ አፈር ስሆን። … አይደለም ጓድ። ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ስም የለውም አይደል? ብዕሩን እንደገና ያንሡት። … ከታቹ ይጻፉበት፦ «ይህን የጻፈው በዛብህ ነው፣ ዋሽቷል»። … ጻፉት? … በዚያው ሌላ መስመር ይጨምሩ። … «ፖስታ ቤት ያደረሰችው ንጋቷ ናት»። … አዎ፣ በእግሯ። … አዎ፣ የላስቲኩንም ይጻፉት። … ጨረሱ? … እሺ ጓድ። አሁን ይዝጉት።